ያጸደቅነውና ያሰማራነው አንድ ይሁን፦ ስለ መሠረተ ልማት ፕሮግራሞች የቢልድ ምርጫ



ዛሬ የማነሳው በስብሰባ አጀንዳ ላይ እምብዛም የማይሰፍር ውሳኔ ነው። ሰርቨሩን፣ ኔትወርኩንና ዳታቤዙን በእጅ እየተጫኑ መፍጠር ትቶ በፕሮግራም የሚጽፍ ቡድን አለ እንበል። ፕሮግራሙን በሲ ሻርፕ፣ በጎ ወይም በጃቫ ከጻፈው ኮምፓይል ማድረጉ አይቀርም። ታዲያ በየትኛው ቅንብር? ለስሕተት ፍለጋ በሚመቸው በዲበግ ነው ወይስ ለአገልግሎት በተሳለጠው በሪሊዝ? በላፕቶፕ ላይ ነው ወይስ ኮዱን በራሱ በሚገነባውና በሚያሰማራው የፓይፕላይን ማሽን? በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል ወይስ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይቀመጣል? ብዙ ቡድኖች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተው አያውቁም። መሣሪያው በነባሪ የመረጠላቸውን ተቀብለው ይሠራሉ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በመሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ የቢልድ ቅንብር የሚመረጠው ለፍጥነት ሳይሆን ለአንድነት ነው። ገምግመን ያጸደቅነው ፕሮግራምና ክላውዱ ላይ እጁን ያሳረፈው ፕሮግራም አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ አለብን። ይህን አንድነት የሚያፈርስ ቅንብር ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይጠቅመንም።

ከመነሻው ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። አማዞን በ2011 ክላውድፎርሜሽንን ሲያወጣ መሠረተ ልማቱ የሚገለጸው በጄሰን ፋይል ነበር። በ2014 የመጣው የሃሺኮርፕ ቴራፎርም የራሱን መግለጫ ቋንቋ ይዞ መጣ። በሁለቱም ዘንድ ኮምፓይል ማድረግ የሚባል ነገር የለም፤ ፋይሉ ይነበባል፣ መሣሪያው የተጻፈውን ይፈጽማል። ነገሩ የተለወጠው ፑሉሚ በ2018 ምንጩን ክፍት አድርጎ ብቅ ሲልና የአማዞን ክላውድ ዴቨሎፕመንት ኪት፣ በአጭሩ ሲዲኬ፣ በ2019 ለሁሉም ሲቀርብ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የምናውቃቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች እንድንጠቀም ፈቀዱልን። ሉፕ፣ ክላስ፣ ቴስት፣ የአይነት ቁጥጥር፣ ሁሉም በእጃችን ገባ። ከእነዚህ ጋር ግን ኮምፓይለሩም መጣ። ኮምፓይለር ደግሞ የራሱ ምርጫዎች አሉት፤ ምርጫዎቹም ሳናስበው ወደ መሠረተ ልማታችን ገቡ።

ምን ያህል እንደገቡ ለማየት አሠራሩን እንመልከት። ፑሉሚ ውስጥ ሦስት ወገኖች ይሠራሉ። ሞተሩ አለ፣ የእኛ ፕሮግራም አለ፣ ከክላውዱ ጋር የሚነጋገሩ ፕሮቫይደሮች አሉ። ፕሮግራማችን ሲነሣ «ይህን ኔትወርክ እፈልጋለሁ፣ ይህን ዳታቤዝ እፈልጋለሁ» እያለ ለሞተሩ ያስመዘግባል። ሞተሩ የተመዘገበውን ቀድሞ ከተቀመጠው የስቴት መዝገብ ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን እንዲፈጽሙ ፕሮቫይደሮቹን ያዛል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። «ፑሉሚ አፕ» ብለን ስናዝ ፕሮግራማችን የሚሄደው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ቅድመ እይታውን ለማሳየት፣ እኛ «እሺ» ካልን በኋላ ደግሞ ለመፈጸም። ቅድመ እይታው ስለ መጀመሪያው ሩጫ ይመሰክራል። ክላውዱን የሚነካው ግን ሁለተኛው ነው።

ሲዲኬ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚያመርተው የክላውድፎርሜሽን ቴምፕሌት ነው፤ ቴምፕሌቱም በፋይል ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙ ሥራ አብቅቷል። ክላውዱ የሚያየው ቴምፕሌቱን ብቻ ነው፤ እኛም ከፍተን ልናነበው፣ ከትናንቱ ጋር ልናስተያየው እንችላለን። የሲዲኬ ዋና ላይብረሪ የተጻፈው በታይፕስክሪፕት ነው። በሲ ሻርፕ፣ በጃቫ ወይም በጎ ስንጽፍ ጄኤስአይአይ የሚባል ድልድይ ከበስተጀርባ የኖድ ሂደት ያስነሳና ዋናው ሥራ እዚያ ይሠራል። በዚህ ምክንያት በሲዲኬ ውስጥ የእኛን ሲ ሻርፕ በሪሊዝ ማሳለጥ የሚያስገኘው ትርፍ ከሞላ ጎደል የለም።

ይህ ወደ ፍጥነት ጥያቄ ያደርሰናል። «ሪሊዝ ፈጣን ስለሆነ እንጠቀምበት» ሲባል እሰማለሁ። ለድረ ገጽ ሰርቨር ወይም ለስሌት ፕሮግራም እውነት ነው። የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሞችን እየቀጠለ፣ ዝርዝሮችን እየዞረ የሚያስመዘግብ ፕሮግራም ነው። የሚተዳደር ዳታቤዝ ለመፍጠር ክላውዱ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ የኩበርኔቲስ ክላስተርም እንዲሁ። በዚያ መካከል ኮዳችን ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ቢቆጥብ ማን ያስተውለዋል? የሲ ሻርፕ መድረክ በሆነው ዶትኔት ላይ ደግሞ አብዛኛውን የማሳለጥ ሥራ የሚሠራው ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚነሳው የጂት ኮምፓይለር ነው፤ እርሱም የሚተጋው ተደጋግሞ ለሚጠራ ኮድ ነው። አንዴ ሄዶ ለሚያበቃ ፕሮግራም ልፋቱ እምብዛም አይከፍልም።

ጊዜው በእውነት የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው፤ ፓኬጆችን በማውረድና ኮምፓይል በማድረግ። የትላልቆቹ ክላውዶች ፓኬጆች ግዙፍ ናቸው። የጎ ፕሮግራም እነዚህን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፓይል ሲያደርግ ደቂቃዎችን ይፈጃል፣ ሜሞሪም ይበላል። ፓይፕላይኑ በየጊዜው ባዶ ማሽን ላይ የሚጀምር ከሆነና የኮምፓይለሩ ካሽ ካልተቀመጠለት ያንኑ ዋጋ በየቀኑ እንከፍላለን። ስለዚህ ፍጥነት የሚሻ ሰው የማሳለጥ ቅንብሩን ትቶ ካሹን ያስተካክል፤ ከዚያም ቢልዱን አንድ ጊዜ ሠርቶ ደጋግሞ ይጠቀምበት። ለአንድነት ስል የምመክረው መንገድ ለፍጥነትም ይበጃል።

አሁን ወደ አደጋው ልግባ። ዶትኔትን እንውሰድ። «ዶትኔት ራን» ወይም «ዶትኔት ቢልድ» ብላችሁ ሌላ ነገር ካልጨመራችሁ የሚሠራው በዲበግ ነው። «ዶትኔት ፐብሊሽ» ግን በህዳር 2023 ከወጣው ከዶትኔት 8 ጀምሮ፣ ፕሮጀክቱ ለዚያ ስሪት የተዘጋጀ ከሆነ፣ በነባሪ ሪሊዝ ነው። ገንቢዋ በላፕቶፕዋ ላይ ፑሉሚን ከምንጭ ኮዱ ታስኬዳለች፤ ያ ዲበግ ነው። ፓይፕላይኑ አስቀድሞ ፐብሊሽ አድርጎ ባይነሪውን ያስኬዳል፤ ያ ሪሊዝ ነው። አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ሳይወስን ቡድኑ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም እያስኬደ ነው።

«ሁለቱም ያው ውጤት ይሰጣሉ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣሉ። ግን በዲበግ ቅንብር ዲበግ የሚባል ምልክት ለኮምፓይለሩ ይታወጃል፤ ኮድ ውስጥ «ዲበግ ከሆነ ይህን አካትት፣ ካልሆነ ያንን» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል። እንበልና አንድ ትጉህ ገንቢ ለሙከራ እንዲቀለው በዲበግ ጊዜ ዳታቤዙ አነስተኛ ማሽን ላይ እንዲሆን፣ ከመሰረዝ የሚጠብቀው መቆለፊያ እንዳይኖረው፣ ሲሰረዝም የመጨረሻ ቅጂ እንዳይወሰድ አድርጎ ጻፈ። ለሙከራ ስታክ፣ ማለትም ለሙከራ ብቻ ለሚሰማራ የመሠረተ ልማት ስብስብ፣ ይህ ምንም ስሕተት የለበትም። ወራት አለፉ። አንድ ሌሊት ፓይፕላይኑ ተበላሸ፣ ምርት ላይ ያለው ሥርዓት ደግሞ አስቸኳይ ማስተካከያ ፈለገ። ተረኛው ባለሙያ በላፕቶፑ የምርቱን ስታክ መርጦ «ፑሉሚ አፕ» አለ። ላፕቶፑ በነባሪ ዲበግ ነው። ፕሮግራሙም የምርቱን ዳታቤዝ ወደ ትንሽ ማሽን ማውረድና መቆለፊያውን ማንሳት እንደሚፈልግ ለሞተሩ አስመዘገበ። ቅድመ እይታው ይህን ያሳያል። ነገር ግን እንቅልፍ የተጫነው፣ ስልኩ የማያርፍለት ሰው በረጅሙ ዝርዝር መካከል ሁለት መስመር ቢያመልጠው ማን ይፈርድበታል? ጥፋቱ የተረኛው አይደለም። የአካባቢን ልዩነት በቢልድ ቅንብር ውስጥ ማስቀመጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ ቦታ አለና። ፑሉሚ ለእያንዳንዱ ስታክ የራሱ የቅንብር ፋይል አለው፤ ሲዲኬም የኮንቴክስት እሴቶች አሉት። «ይህ ሙከራ ነው፣ ይህ ምርት ነው» የሚለውን የሚናገሩት እነርሱ ብቻ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው አደጋ ተቃራኒውን መንገድ ይሄዳል፤ በዲበግ የሚኖር ጥበቃ በሪሊዝ ይጠፋል። ሲ ሻርፕ ውስጥ «ዲበግ አሰርት» የሚባል መፈተሻ አለ። አንድ ባለሙያ «የዳታቤዙ በር ለ0.0.0.0/0 እንዳይከፈት» ብሎ በዚህ መፈተሻ ጻፈ እንበል። ይህ አድራሻ መላውን ኢንተርኔት ማለት ነው። በላፕቶፑ ሲሞክረው መፈተሻው ይሠራል፣ ስሕተቱን ይይዛል፣ እርሱም ተማምኖ ይተኛል። በሪሊዝ ግን ኮምፓይለሩ ያንን ጥሪ ከነጭራሹ ያስቀረዋል። ጥበቃው በሙከራ ቦታ ቆሞ ምርቱ በር ላይ አይገኝም። ጃቫም ተመሳሳይ ወጥመድ አላት፤ ልዩነቱ ወጥመዱ ያለው በማስኬጃው ላይ መሆኑ ነው። «አሰርት» የሚለው ቁልፍ ቃል ፕሮግራሙ ሲነሳ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር አይሠራም፤ ነባሪው መዘጋት ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው። የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ጥበቃ በየትኛውም ቅንብር የሚወረወር ኤክሴፕሽን ይሁን። ከዚያም አልፎ ከፕሮግራሙ ውጭ የሚቆም የፖሊሲ ፍተሻ ይኑር። ፑሉሚ ለዚህ ክሮስጋርድ የሚባል አለው፤ ለክላውድፎርሜሽን ቴምፕሌቶችም ጋርድ አለ።

ጎ በዚህ ረገድ የተሻለ ጠባይ አለው። ዲበግና ሪሊዝ የሚባል ክፍፍል የለውም። «ጎ ቢልድ» ስትሉ የሚሠራው የተሳለጠው ነው፤ ማሳለጡን ማጥፋት የሚፈልግ በግልጽ ማዘዝ አለበት። የስም ሰንጠረዡና የዲበግ መረጃው ከባይነሪው ተገፍፎ እንኳ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ይናገራል። ያም ሆኖ ጎ የቢልድ ታግ አለው፤ በታግ የሚለዩ ፋይሎች መሠረተ ልማቱን የሚለዩ ከሆነ የዶትኔቱን ችግር በሌላ ስም መልሰን አመጣነው ማለት ነው። ረስት ደግሞ ለዚህ ሥራ ዋና ቋንቋ ባይሆንም ቅንብር ሒሳብን ሳይቀር እንደሚለውጥ ያሳየናል። በልማት ቅንብር አንድ ቁጥር ከወሰኑ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ በሪሊዝ ግን በነባሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። የንዑስ ኔትወርክ ቁጥርን በ8 ቢት የሚያሰላ ፕሮግራም 255 ላይ 1 ሲጨምር በአንዱ ቅንብር ይወድቃል፣ በሌላው 0 ብሎ ቀድሞ በተያዘ አድራሻ ላይ ይደርባል። ኮዱ አንድ ነው፤ ኔትወርኩ ሁለት ሆነ።

ወደ ዋናው መርሕ መጣሁ። የቀመስነው ወጥ ሌላ፣ ለእንግዳ የቀረበው ወጥ ሌላ ከሆነ መቅመሳችን ምን ፋይዳ አለው? ቅድመ እይታ መቅመስ ነው። ስለዚህ ቅድመ እይታውን ያሳየው ባይነሪ ራሱ ነው መፈጸም ያለበት። ይህን ለማድረግ ፓይፕላይኑ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይገነባል፤ የተገነባውን ፋይል ከነዲጀስቱ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ፣ የሙከራውም፣ የምርቱም፣ ያንኑ ፋይል ይወስዳሉ። የሚለያዩት በስታክ ቅንብራቸው ብቻ ነው። ፑሉሚ ለዶትኔትም ለጎም በፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ «ባይነሪ» የሚል አማራጭ አለው፤ ወደ ተዘጋጀው ፋይል ጠቁሙት፣ ኮምፓይል ማድረጉን ይተዋል። ሲዲኬም ቀድሞ በወጣው ቴምፕሌት ላይ ተመሥርቶ እንዲያሰማራ ሊታዘዝ ይችላል፤ ያኔ ፕሮግራሙ ዳግመኛ አይሄድም።

በኮድ ግምገማ ወቅት የሚወጣው ቅድመ እይታ ገና ባልተዋሃደ ኮሚት ላይ የተሠራ ነው። ለውይይት ጥሩ ነው፤ ለውሳኔ ግን አይበቃም። ኮዱ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ከገባ በኋላ ከዚያ የተገነባው ባይነሪ እንደገና ቅድመ እይታ ያሳይ፤ የሚያጸድቀው ሰው የሚያጸድቀውም ያንን ይሁን።

የተዘጋጀ ባይነሪ የራሱ አደጋ እንዳለው ግን አልሸሽግም። ኮዱን አስተካክላችሁ ባይነሪውን መገንባት ብትረሱ ፑሉሚ የድሮውን ያስኬድና «ምንም ለውጥ የለም» ይላል። እናንተም ለውጣችሁ ጉዳት የሌለው መስሏችሁ ታልፋላችሁ። ይህን የሚዘጋው ፕሮግራሙ ማንነቱን እንዲናገር ማድረግ ነው። ጎ ከ1.18 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከመጋቢት 2022 ወዲህ፣ በጊት ማከማቻ ውስጥ ሲገነባ የኮሚቱን መለያና ያልተመዘገበ ለውጥ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት ባይነሪው ውስጥ ያትማል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ይህን ያንብብ፤ ኮሚቱ ከሚጠበቀው ካልገጠመ ወይም ያልተመዘገበ ለውጥ ካለበት የምርቱን ስታክ ለመንካት እምቢ ይበል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የሚያስጥለን ግን ብዙ ነው።

የቢልድ ቅንብር ሲባል የጥገኛ ፓኬጆችንም ይጨምራል። በፑሉሚ ዘንድ በፕሮግራማችን ያለው የፓኬጅ ስሪት የትኛው የፕሮቫይደር ስሪት እንደሚነሣ ይወስናል። የዶትኔት ፕሮጀክት የፓኬጁን ስሪት ልቅ አድርጎ ቢጽፍ ዛሬ የሚገነባውና የዛሬ ወር የሚገነባው የተለያየ ፕሮቫይደር ሊያስነሱ ይችላሉ። ከኮዳችን አንድ ፊደል ሳይለወጥ ቅድመ እይታው በለውጥ ይሞላል። ስለዚህ የመቆለፊያ ፋይሉ በጊት ይመዝገብ፤ ፓይፕላይኑም ከመቆለፊያው ውጭ ያለ ስሪት እንዳያወርድ በጥብቅ ይታዘዝ። የጎ ሞጁል ፋይሎች ስሪቱን ይወስናሉ፤ አብሯቸው ያለው የድምር ፋይል ደግሞ የወረደው ፓኬጅ እንዳልተነካካ ያረጋግጣል። ሁለቱንም ሁልጊዜ መዝግቡ።

ከአዲስ አበባ ሆነው ወደ ሩቅ ክላውድ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የአንድ ጊዜ ግንባታ ድርብ ትርጉም አለው። የአማዞንን አገልግሎት የምንጠቀም ከሆነ ሪጅኖቹ ያሉት ኬፕ ታውን፣ ባህሬን፣ አየርላንድና ከዚያም ወዲያ ነው። በየላፕቶፑ ግዙፍ ፓኬጅ ከማውረድ አንድ ቦታ ገንብቶ ያንኑ መጠቀም የኢንተርኔት ወጪን ይቆጥባል። ከዚያም በላይ፣ በማሰማራት መካከል መስመር ወይም መብራት ቢሄድ ፑሉሚ በስቴት መዝገቡ ውስጥ ያልተቋጩ ሥራዎችን ትቶ ይቆማል፤ እነርሱን ማጥራት አድካሚ ነው። ማሰማራቱን ለፓይፕላይኑ ማሽን መተው ከዚህም ይገላግላል።

ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ነገር ልለይ። የመሠረተ ልማት ፕሮግራሙ የሚገነባው እርሱን ለሚያስኬደው ማሽን እንጂ እርሱ ለሚፈጥራቸው ሰርቨሮች አይደለም። የጎ ባይነሪ ለአንድ ስርዓተ ክወናና ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። ገንቢው በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራ ማክ ላይ ገንብቶ የኤክስ 86 ሊነክስ ወደሆነው ፓይፕላይን ቢልከው አይነሳም። የዶትኔት ዲኤልኤል ግን፣ ራንታይሙ በማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። ዶትኔትን ወደ ማሽን ቋንቋ ቀድሞ መለወጥና ያልተጠሩ ክፍሎችን መቁረጥም ይቻላል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም። የፑሉሚ የዶትኔት ላይብረሪ ሪፍሌክሽን ስለሚጠቀም ቆራጩ የሚያስፈልገውን ክፍል ሊቆርጥበት ይችላል። ለማይታይ ትርፍ የሚታይ አደጋ መግዛት ነው።

በዚያው የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራም አብሮ ይኖራል፤ የላምዳ ፋንክሽን። እርሱ በክላውዱ ውስጥ የሚኖር፣ ደንበኛን የሚያገለግል ነው። ለእርሱ ፍጥነት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ በሪሊዝ፣ ለትክክለኛው ፕሮሰሰር፣ ባጠረ መጠን መገንባት አለበት። የሁለቱ ፍላጎት የሚጋጭበትም ቦታ አለ፤ በደንብ እንየው። ሲዲኬም ፑሉሚም የላምዳውን ፋይል ይዘት ሃሽ አድርገው ነው ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም የሚሉት። ቢልዱ በየጊዜው ያንኑ ባይት የማይሰጥ ከሆነ ኮዱ ሳይነካ ሃሹ ይለወጣል፣ ፋንክሽኑም በከንቱ ይታደሳል። ቅድመ እይታው በሐሰተኛ ለውጥ ሲሞላ ደግሞ ዐይናችን እውነተኛውን ለውጥ ማለፍ ይለምዳል። ለጎ «ትሪምፓዝ» የሚለው አማራጭ የገንቢውን የፋይል መንገድ ከባይነሪው ያወጣል። ቅድም ያመሰገንኩት የኮሚት ማኅተም ግን እዚህ ላይ ይጎዳል፤ አዲስ ኮሚት በተደረገ ቁጥር ባይነሪው ይለወጣልና። የዶትኔት 8 መሣሪያም እንዲሁ የኮሚቱን መለያ በስሪት መግለጫው ላይ በነባሪ ይጨምራል። ስለዚህ ለመሠረተ ልማት ፕሮግራሙ ማኅተሙ ይኑር፤ ለላምዳው ይጥፋ። በአንድ ማከማቻ ውስጥ ሁለት ቢልድ፣ ሁለት ቅንብር፣ ለሁለቱም የታሰበበት ምክንያት።

የተለያየ ፕሮግራም በየማሽኑ መሄዱ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማስታወስ አንድ በይፋ የተመዘገበ ታሪክ ልጥቀስ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት አዲስ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ ሊጭን ነበር፤ በአንደኛው ላይ ሳይጫን ቀረ። በአዲሱ ኮድ አዲስ ትርጉም የተሰጠው ምልክት በዚያ አንድ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ያልተሠራበትን አሮጌ ተግባር ቀሰቀሰ። በነሐሴ 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። የዚያ ጥፋት መነሻ የዲበግና የሪሊዝ ጉዳይ አልነበረም። ሥሩ ግን ከኛ ርእስ ጋር አንድ ነው። አንድ ምልክት እንደ ባይነሪው ሁለት ነገር ማለት ቻለ፤ የትኛው ባይነሪ የት እንዳለ የሚያረጋግጥም አልነበረም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ሪሊዝን ብቻ ካልክ ችግር ሲፈጠር በዲበገር እንዴት እንከታተላለን?» ዶትኔት በሪሊዝም ጭምር የምልክት ፋይል በነባሪ ያወጣል፤ እርሱን ከባይነሪው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፣ ስሕተት ሲመጣ መስመሩን ታገኛላችሁ። አንዳንድ ትናንሽ ሜተዶች በሌሎች ውስጥ ስለሚዋጡ ዝርዝሩ ሊያጥር ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ግን ይበቃል። ደረጃ በደረጃ መከታተል የሚፈልግ ሰው ደግሞ በራሱ የግል ስታክ ላይ ዲበግን ይጠቀም፤ መብቱ ነው። የማልስማማው ዲበግ የሆነ ባይነሪ ብዙ ሰው የሚጋራውን ስታክ ሲነካ ነው። ቡድናችሁ በተቃራኒው ሁሉንም በዲበግ አድርጎ በዚያ ከጸና እንኳ፣ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ ከሚያስኬድ ቡድን ይሻላል።

ቃሌን ከማመን ይልቅ እንድትፈትኑት እጠይቃለሁ፤ ፈተናው ቀላል ነው። በሲዲኬ የምትሠሩ ፕሮግራሙን በዲበግም በሪሊዝም አስኪዱና ሁለቱን ቴምፕሌቶች አስተያዩ። በፑሉሚ የምትሠሩ በአንዱ ቅንብር ያሰማራችሁትን ስታክ በሌላው ቅንብር ቅድመ እይታ አድርጉበት። ልዩነት መኖር የለበትም። ካለ፣ ኮዳችሁ ውስጥ ቅንብሩን የሚያነብ ነገር ተደብቋል፣ ወይም ከላምዳችሁ ባይት የሚለዋወጥ አለ፣ ወይም ስም የሚሰጠው በአጋጣሚ ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርቶ ነው። ለምሳሌ የጎ ማፕ ሲዞር ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ ነው፤ በእርሱ ላይ ቁጥር እየቆጠረ ስም የሚያወጣ ሰው በየሩጫው ሌላ መሠረተ ልማት ይጠይቃል። ያንን ቁልፎቹን ደርድሮ ማስተካከል ይቻላል። ይህን ፈተና በፓይፕላይናችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ልዩነት ሲገኝ ቢልዱ ይውደቅ።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ይህን ነው። ቡድናችሁ ለሚጋራቸው ስታኮች ሁሉ አንድ የቢልድ ቅንብር በጽሑፍ ይምረጥ፤ እኔ ከነምልክት ፋይሉ ሪሊዝን እመርጣለሁ። ቅንብሩ በነባሪ አይተው፤ በፕሮጀክት ፋይሉና በፓይፕላይኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አካባቢን የሚለየው የስታክ ቅንብር ብቻ ይሁን። ጥበቃዎች በየትኛውም ቢልድ የሚቆሙ ይሁኑ። አንድ ጊዜ ተገንብቶ ቅድመ እይታውን ያሳየው ፋይል ራሱ ይፈጽም፤ ከየትኛው ኮሚት እንደተወለደም ይናገር።

በኛ ሙያ አንድ መስመር ኮድ የሆስፒታልን መዝገብ የያዘ ዳታቤዝ ሊያቆም ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ያህል ሥልጣን ለአንድ ፕሮግራም ከሰጠነው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ማወቅ ግዴታችን ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ትልቅ በጀት ወይም አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በአንድ ከሰዓት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። በዚህ ሳምንት ጀምሩት።